መዳፍ ያላረፈበት ነጋሪት

ባለፈው ሰኞ ነጋሪቱን ለግምጃ ቤት አስረከብሁ። ተረካቢው ከመሃል አገር ከመጣ ብዙ ያልቆየ ጸሐፊ ነው፤ ጣቱን ቀለም የነካው፣ ንግግሩ ፈጠን ያለ ሰው። መዝገቡን ገልጦ «አንድ ነጋሪት፣ ሁለት መምቻ» ብሎ ጻፈና ቆዳውን ጎንበስ ብሎ አየው። ከዳሩ በኩል የጠቆረች ቦታ አለች፤ ስፋቷ የሰው እጅ ያህል ነው።

«ይህ ምንድን ነው? ቅባት ፈሶበታል እንዴ?» አለና መሐረቡን አውጥቶ ሊወለውል ሲል እጁን ቀጨም አደረግሁት። ያን ያህል ጉልበት የቀረኝ አልመሰለኝም ነበር። ሰውዬው ደንግጦ አየኝ።

«ተወው፤ መዳፍ ነው» አልሁት።

«የማን መዳፍ?»

ልነግረው ጀመርሁ። ደጅ ላይ ሰው ሲጠራው «ሌላ ቀን ትነግረኛለህ አባቴ» ብሎኝ ወጣ። አልተቀየምሁትም፤ ሥራ አለበት። ግን ስወጣ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብሁ። ለኩርሙክ ጠረፍ አዲስ አዛዥ መሾሙን ይናገራል። ትእዛዙ በስልክ ሽቦ መጥቶ ነው፤ ዛሬ ሹመት የሚመጣው እንደዚያ ነው፤ ነጋሪትም የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ከስሙ ቀጥሎ «ለጊዜው» የሚል ቃል አለ። ይህችን ቃል ሳያት እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ። ቤቴ እንደ ገባሁ ወረቀትና ቀለም አስገዛሁ። እኔ አድማሱ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው አዋጅ ስጎስም የኖርሁ ሰው፣ የራሴን ልናገር ነው።

የተወለድሁት በመተከል ደጋማው ጠርዝ፣ ገነተ ማርያም አጠገብ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ለድቁና ተብዬ ነበር፤ ዜማው እምቢ ሲለኝ መምህሬ «አንተ ልጅ፣ እጅህ እንጂ ጉሮሮህ አልተባረከም» ብለው ወደ ቤቴ ሸኙኝ። እውነታቸውን ነው። ጦር ወደ አሶሳ ሲወርድ የነጋሪት በቅሎ ሳቢ ሆኜ ተከተልሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ በቅሎዋ ነጋሪቱን ከዛፍ ጋር እንዳታጋጭ መጠበቅ ነበር። ደሞዜ ማሽላና በዓመት አንድ ቁምጣ ነበር፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጎሳሚው አያ ታከለ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩኝም በመናገር ሳይሆን በመቆጣት ነው። አሶሳ ክረምቱ ከባድ ነው፤ እርጥበቱ ቆዳውን ያላላዋል፣ ድምፁ ይታፈናል። እኔ መጀመሪያ ክረምት ላይ ብልጥ ነኝ ብዬ ነጋሪቱን ከነበልባል አጠገብ አኖርሁት። አያ ታከለ ከሩቅ ሮጠው መጥተው በመምቻው ጀርባዬን አቀመሱኝ። «ነበልባል ቆዳ ይሰነጥቃል! ረመጥ! አመድ የለበሰ ረመጥ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ረመጡን በሸክላ ገል አድርጌ ከሥሩ አኖራለሁ፤ በየጊዜውም ቆዳውን በእጄ ጀርባ እዳስሳለሁ። በእጅ ጀርባ ነው የሚዳሰሰው፤ መዳፍ ሥራ ለምዶ ስለሚደነዝዝ አይታመንም። በበጋ ደግሞ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ትንሽ ቅቤ ይቀባል፤ ጠፍሩም ላላ ይደረጋል።

አመታቱም ዓይነት ዓይነት አለው። የጠፋ ከብት ወይም የገበያ ደንብ ሲነገር አጭርና ፈጣን ነው። ለክተት ያለ ማቋረጥ ይጎሰማል። ለሹመት ግን ዝግ ብሎ ነው፤ በየመካከሉ ሰው ቆም የሚልበት፣ ራሱን የሚገልጥበት ጊዜ ይሰጣል። እኔ ቸኩዬ ስመታ አያ ታከለ «ማን አባረረህ? ሹሙ ከሰው ፊት እየሸሸ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አሶሳ ላይ ግን ሌላ ቦታ ያላየሁት አንድ ነገር ነበር። የአገሩ ሰዎች፣ በርታዎቹ፣ ለመንግሥት ሲገቡ በአንድ ነገር ተማምለው ነው የገቡት። ልጆቻቸውን ጠመንጃ አስይዞ የሚመራ አዛዥ ሲሾም አስቀድሞ በሽማግሌዎቻቸው ፊት ይቀርባል። ከገበያው ዳር ባለው ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር ይቀመጡና ይጠይቁታል። ካመኑበት ታላቁ ሽማግሌ ተነሥተው መዳፋቸውን በነጋሪቱ ቆዳ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ በኋላ ነው የሚጎሰመው። መዳፍ ካላረፈ ሹመቱ የለም፤ የአገሩም ሰው አይታዘዝም። ገዢያችን ደጃዝማቹ ይህን ቃል የተቀበሉት ከእርሳቸው በፊት የነበረው ስለ ገባበት ነው፤ እንደማይወዱት ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ታላቁ ሽማግሌ ሼህ በሽር ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ተሻግሯል፤ ጢማቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ጫፉ በብረት የታሰረ ጥቁር የዞጲ እንጨት ዱላ አላቸው፤ ሲራመዱ ኮቴው ከሩቅ ይታወቃል። አማርኛቸው የተሰባበረ ነው፤ ሲጠይቁ ግን የሚያመልጣቸው የለም። አንድ ጊዜ ሊሾም የቀረበን ሻለቃ «ውኃ ትንሽ ሲሆን፣ መጀመሪያ ማን ጠጣ?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ትንሽ አሰበና «የታመመው፤ ከዚያ ታናሹ፤ እኔ መጨረሻ» አለ። ሼህ በሽር ፈገግ ብለው ተነሡ። መዳፋቸውን ሲያሳርፉ አያ ታከለ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ቀና የሚሉት እጁ ሲነሣ ነው። ከዚያ የዚያችን ቦታ ሙቀት በእጃቸው ጀርባ ይነኩና መምቻውን ያነሣሉ። ስንት ጊዜ አብሬአቸው ቆሜአለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሲዘሉት አላየሁም።

ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መምቻዎቹን ለእኔ ሰጡኝ። ያን ጊዜ ያሉኝን እስካሁን አልረሳሁም። «ደጃዝማች የሚያዙህ አንተን ነው፤ ነጋሪቱን አይደለም። ነጋሪቱን የሚያዘው መዳፉ ነው። ይህን ካወቅህ ሌላው ይለመዳል» አሉኝ። እኔም «እሺ አያ» አልሁ። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል!

ከዚያ አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው ያጠፋሁት።

በጋ ነበር። ከኩርሙክ ወዲህ ነጋዴዎችን የሚዘርፉ ሽፍቶች ተነሡ ተብሎ ወሬ መጣ። ደጃዝማቹ ጦር ሊልኩ አሰቡ፤ አዛዥ ያደረጉትም የባለቤታቸውን ወንድም ግራዝማች ካሳሁንን ነው። ግራዝማች ካሳሁን ከመጣ ወሩ ነው። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ፈረስ ላይ የሚያምር ሰው ነበር፤ በዚያ ቆላ አንድ ቀን አድሮ አያውቅም። ሼህ በሽር ይህን ሰምተው ወደ ግቢ መጡ። በግቢው ደንብ ማንም ዱላውን ለበረኛ ሰጥቶ ነው የሚገባው። ከደጃዝማቹ ጋር ምን እንደተባባሉ በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ሲወጡ ግን አየኋቸው። ፊታቸው ጠቁሯል፤ በልጅ ልጃቸው በዩሱፍ ትከሻ ተደግፈው በሩን በፍጥነት አለፉ። ዱላቸው በእጃቸው አልነበረም። አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ነጋሪቱን ከሮቃው ሥር አስቀምጬ ሽማግሌዎቹን እጠብቃለሁ። የመጣው አጋፋሪው ወልዴ ነው፤ የግቢውን ደጅ የሚያስተናግድ፣ ለሁሉም ነገር መልስ የማያጣ ሰው። በእጁ ጥቁሩን ዱላ ይዟል።

«ሼህ ዛሬ አሟቸዋል። ዱላቸውን ልከዋል» አለኝና ዱላውን በነጋሪቱ ቆዳ ላይ አጋደመው።

በዚያ አገር ሽማግሌ መምጣት ሲያቅተው ዱላውን ይልካል፤ ዱላው በተቀመጠበት እርሱ እንደ ተቀመጠ ይቆጠራል። ሰርግም እርቅም በዚህ ሲፈጸም አይቻለሁ። ነገር ግን ዱላውን የሚያመጣው የገዛ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ነው፤ ባዕድ ሰው አይይዘውም። ይህንም አውቅ ነበር።

«ዩሱፍስ? ለምን እርሱ አላመጣውም?» አልሁት።

«አድማሱ፣ ደጃዝማች እያዩህ ነው። ደግሞ ሹመቱ ለጊዜው ነው። ለጊዜው ለሆነ ነገር ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ደጃዝማቹ በድንኳኑ ጥላ ተቀምጠዋል፤ ግራዝማች ካሳሁን በቀኛቸው ቆሟል። ማደሪያ መሬት ሊሰጠኝ የታሰበው በዚያው ወር ነበር፤ አዲስ ሚስት አግብቼአለሁ። ይህን ምክንያት አድርጌ ብጽፈው ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሌላም አለበት። በዚያ ቀን ቆዳው በደንብ ተወጥሮ ነበር፤ ጠዋት ስሞክረው ድምፁ እስከ ማዶው ኮረብታ ደርሶ ተመልሷል። ሕዝቡ ሁሉ ዝም ብሎ እኔን ይጠብቃል። ያን ድምፅ ለመስማት ቋምጬ ነበር። ዱላውን ከቆዳው ላይ አነሣሁና ነጋሪቱን መታሁ።

ሰው ሁሉ ቆመ። ራሱን ገለጠ። ጎስሜ አላውቅም እንደዚያ አሳምሬ።

ግራዝማች ካሳሁን በሦስተኛው ቀን ወታደሮቹንና ሠላሳ የሚሆኑ የበርታ ጎበዛዝት ይዞ ወጣ። ነጋሪቱ ስለ ተመታ የጎበዛዝቱ አባቶች ልጆቻቸውን ሰጡ፤ ዱላቸውን በቆዳው ላይ አይተው ሼህ በሽር ያመኑበት መስሏቸው ነው። ዩሱፍም ወጣ። በኋላ እንደ ሰማሁት አያቱ «መዳፌ አላረፈበትም» ብለው ሊያስቀሩት ለምነውታል፤ እርሱ ግን «ነጋሪቱ አንዴ ተመትቷል፤ ሌሎቹ እየሄዱ እኔ በምን አፍ እቀራለሁ?» አላቸው።

የሆነውን የነገረኝ ባሻ ተድላ ነው፤ ከወታደሮቹ አንዱ፣ ዝምተኛ፣ ከጎጃም የመጣ ሰው። ወደ ኩርሙክ የሚያወርዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በተራራው ሥር ይዞራል፤ ሁለት ቀን ይጨምራል፤ ምንጮች ግን አሉት። ሌላው በደረቁ ወንዝ አሸዋ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ዩሱፍ በአሸዋው መንገድ መግቢያ ላይ ከግራዝማቹ በቅሎ ፊት ቆሞ «ጌታ፣ ይሄ ወር አሸዋ ውስጥ ውኃ የለም። ቆፍረን አናገኝም። በተራራ ይሻላል» አለ። ግራዝማች ካሳሁን ሳቀ። «ሽፍታ ልይዝ ነው የመጣሁት፤ ምንጭ ልጎበኝ አይደለም» አለና በቅሎውን በአሸዋው መንገድ ነዳ።

በጉዞው በሦስተኛው ቀን አሸዋውን ክንድ ሙሉ ቆፈሩ፤ ደረቅ ነው። በአራተኛው ቀን ጠመንጃ የሚጥል ሰው ታየ። ግራዝማቹ በበቅሎው ላይ የታሰረ የራሱ የውኃ ቅል ነበረው፤ ቀድሞ ለመድረስ ብሎ ከአምስት ወታደሮች ጋር ወደ ፊት ሄደ። ባሻ ተድላ የቀሩትን ወደ ተራራው አዞራቸው። አንዱን ጎበዝ በጀርባው ተሸክሞ ግማሽ ቀን ተጉዟል፤ ጎበዙ በጀርባው ላይ ሳለ ሞተ። ስድስት የበርታ ልጆች ቀሩ፤ ዩሱፍም አንዱ ነው። ሽፍታ የሚባል አንድም አላዩም።

ባሻ ተድላ ይህን ሲነግረኝ ከቤቴ ደጅ ተቀምጠን ነበር። ሲጨርስ ተነሥቼ ከቤቱ ጀርባ ሄድሁ። የሞቱት ነጋሪት ስለ ሰሙ ነው። ነጋሪቱን ያሰማሁ ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ወዲያና ወዲህ ባገላብጠው ሌላ ነገር አይሆንልኝም።

ከቀናት በኋላ ረፋድ ላይ ሼህ በሽር ወደ ቤቴ መጡ። የቀርከሃ ዘንግ ይዘዋል። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮኹብኝ በቀለለኝ። «ነጋሪት የት ነው?» አሉኝ። አወጣሁላቸው። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ቆዳው ላይ አኖሩና እንደዚያው ይዘው አዩኝ።

«እጅ የኔ፣ ያ ቅዳሜ፣ እዚህ ነበር?»

«አልነበረም፣ ሼህ።»

«አንተ ዓይን አለህ። አየህ፤ እጅ የለም።»

«አጋፋሪው ዱላዎን አምጥቶ…»

«ዱላ እኔ ግቢ ረሳሁ። ተናደድሁ፣ ረሳሁ። አንተ በር ላይ አየኸኝ። ሽማግሌ፣ ሰማንያ ዓመት፣ ዱላ ሳይዝ ሲሄድ አየህ። ወላሂ አየኸኝ። ደጃዝማች መጥፎ ሰው ነው፣ እኔ አውቃለሁ። አጋፋሪ ውሸታም ነው፣ እኔ አውቃለሁ። አንተ ግን የታከለ ልጅ ነህ አልሁ።»

ዱላው ከቤቴ ጥግ ተደግፎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ይወስደዋል? አነሣሁና በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«አንተ ዘንድ ይቆይ። አማና ነው፤ አደራ። ቤት ስትገባ እየው፤ ስትወጣ እየው።» ያን ብለው በቀርከሃዋ እየተደገፉ ቁልቁል ሄዱ። እኔም ደጅ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ወደ አያ ታከለ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ዓይናቸው አያይም፤ ፊታቸውን ግን ወደ እኔ እንዳዞሩ ሰሙኝ። ሲያበቃ እጃቸውን ዘረጉና «መምቻዎቹን» አሉ። ሰጠኋቸው። ለግቢው ታምሜአለሁ ብዬ እስከ ፋሲካ ድረስ ነጋሪት አልነካሁም። በፋሲካ ማግስት አያ ታከለ አስጠሩኝና መምቻዎቹን መልሰው ሰጡኝ። «አሁን ይከብዱሃል» አሉ። እውነትም ከበዱኝ።

ግራዝማች ካሳሁንን ማንም አልጠየቀውም። የጠረፉ ሹመት ለጊዜው ነው እንደ ተባለ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ባሻ ተድላ ስለ ጉዞው እውነቱን በመናገሩ ከግቢው ራቅ ወዳለ ኬላ ተላከ፤ የቀረጥ ጠባቂ ሆነ። እኔም ማደሪያዬን አገኘሁ። በየማለዳው ስወጣ ዱላውን አየዋለሁ፤ ማታም ስገባ እንዲሁ። ሚስቴ ከዓይኔ ልታርቀው ብላ ጓዳ ስታስገባው ተቆጥቼ ወደ ቦታው መለስሁት። ያን ጊዜ ቆረጥሁ። በገዢ እጅ፣ በአጋፋሪ አፍ፣ በዱላም ቢሆን በሌላ ነገር፣ መዳፍ ሳያርፍ ነጋሪቱን ላልመታ ቆረጥሁ።

ዓመታት አለፉ። በመካከሉ ብዙ ጎስሜአለሁ፤ የገበያ ደንብ፣ የጠፋ በቅሎ፣ የቀረጥ አዋጅ። አንዳንድ ሹመትም በደንቡ አለፈ። ከዚያ አንድ በጋ ላይ ካሳሁን ተመልሶ መጣ፤ አሁን ቀኛዝማች ነው፤ ወፍሯል። ደጃዝማቹ የጠረፉን ጦር ሁሉ፣ ከኩርሙክ ምሽግ ጋር፣ ሊሰጡት ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ «ሮቃው ሥር ይቅረብ» ብለው ላኩ። የተመለሰላቸው መልስ «ሹመቱ ለጊዜው ነው፤ በኋላ እንነጋገራለን» የሚል ነው።

ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆምሁ። ነጋሪቱ ከፊቴ ነው፤ መምቻዎቹ በእጄ ናቸው። አጋፋሪው ወልዴ፣ አሁን ጠጉሩ የሸበተ፣ መጥቶ «ምታ» አለኝ።

«መዳፍ አላረፈበትም» አልሁ።

«አድማሱ፣ ጨዋታ አታምጣ።»

«ጨዋታ አይደለም፤ መዳፍ ይምጣ፤ እመታለሁ።»

ደጃዝማቹ ራሳቸው ከድንኳን ወጥተው መጡ። «ምን አለ ይህ?» አሉ። ፈርቼ ነበር፤ አልደብቅም። «ጌታዬ፣ ባለፈው ያለ መዳፍ መታሁና ስድስት ልጆች ሞቱ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሁለተኛ አላጠፋም» አልሁ። ከፊት የቆመች ማሰሮ ሻጭ ማሰሮዋን መሬት ስታስቀምጥ የተሰማው ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ።

«እሰሩት!» አሉ ደጃዝማቹ። «ታከለን ጥሩ፤ እርሱ ይምታ።»

አያ ታከለን እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። በጣም አርጅተዋል። ከነጋሪቱ አጠገብ አቆሟቸውና መምቻዎቹን ሰጧቸው። እኔን ሁለት ወታደሮች እጄን ወደ ኋላ ይዘውኛል። ከንፈሬን ነክሼ አየሁ። አያ ታከለ መምቻዎቹን በብብታቸው ከተቱና ጎንበስ ብለው የቆዳውን ዳር በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ። ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ድሮው።

«ቀዝቅዟል» አሉ። «የሰው እጅ አልነካውም። ይህን እኔ አልመታም።» ከዚያም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ዓይን የሌለውን ሽማግሌ ማን ይደበድባል? ደጃዝማቹ ፊታቸውን አዙረው ገቡ።

አዋጁ ያለ ነጋሪት ተነበበ። ማንም አልቆመም፤ ማንም ራሱን አልገለጠም፤ በቅል ማር የሚሸጠው ማሩን መሸጥ ቀጠለ። እኔ ግቢ ውስጥ በእግር ብረት ገባሁ፤ ማደሪያዬም ለሌላ ተሰጠ። ብረቱ ቁርጭምጭሚቴን ልጦታል፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ያን ወር ቀኛዝማች ካሳሁን ጎበዛዝት እንዲመጡ በየመንደሩ ላከ። በየመንደሩ የተሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ነጋሪት አልሰማንም።» ጠመንጃ ብቻ ይዞ የኩርሙክን መንገድ ማን ይመራዋል? ደጃዝማቹ ኩሩ ነበሩ፤ ሞኝ ግን አልነበሩም። በአምስተኛው ሳምንት ሽማግሌዎቹን ወደ ሮቃው ጠሩ። ነጋሪቱን የሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልግ እኔንም ብረቱን ፈትተው አመጡኝ።

ቀኛዝማች ካሳሁን ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። ደፋር ሰው ነበር፤ አልፈራም። ሼህ በሽር በቀርከሃ ዘንጋቸው ተደግፈው ትኩር ብለው አዩት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ብዙ አይደለም» አሉ። «ያ ጊዜ ስድስት ልጅ ይዘህ ሄድህ፤ አልመጣም። ስም ንገረኝ።»

«የማን ስም?»

«የልጆች ስም። ስድስት ልጅ፣ ስድስት ስም። ከነገርከኝ እጄን አሳርፋለሁ። ወላሂ አሳርፋለሁ።»

ካሳሁን አፉን ከፈተ። «ዩሱፍ» አለ። ያንን ያወቀው የሼህ የልጅ ልጅ ስለሆነ ነው። ጠበቁት። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ያን ጊዜ እንኳ ትንሽ አሳዘነኝ።

«አንድ» አሉ ሼህ በሽር። «አምስት ቀረ።»

ከኋላ፣ ከወታደሮቹ መካከል፣ ድምፅ ተሰማ። ባሻ ተድላ ነው፤ ኬላውን ትቶ እንዴት እንደ መጣ አላውቅም። «አልሐሰን» አለ። «አደም። ኸሊፋ። መሐመድ። ሙሳ።» ሙሳ ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ በጀርባው ላይ የሞተው እርሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሼህ በሽር ወደ ደጃዝማቹ ዞሩና «ይሄ ሰው ጥሩ ነው። ይሄ ከሆነ እጅ አለኝ» አሉ። ደጃዝማቹ ጺማቸውን ያሻሉ፤ ወደ ገበያው ያያሉ፤ የሚያዩት ሕዝብም መልሶ ያያቸዋል። በመጨረሻ «ተድላ፣ ወደ ፊት ቅረብ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ የቀረውን ጥያቄ ሁሉ ጠየቁት፤ የውኃውንም፣ የመንገዱንም። ሼህ በሽር ተነሡና መዳፋቸውን በቆዳው ዳር አሳረፉ። ራሴን ዝቅ አደረግሁ። እጁ ሲነሣ ቦታውን በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ ሞቃት ነበር። መታሁ። እግሬ ያበጠ ስለነበር መቆም አልቻልሁም፤ ተንበርክኬ ነው የመታሁት። የሰው ሁሉ መጠምጠሚያና ነጠላ ሲወርድ አየሁ። አያ ታከለ ከጎኔ ተቀምጠው በየምቱ መካከል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንድም ጊዜ «ቸኮልህ» አላሉኝም።

ማደሪያዬ አልተመለሰም፤ ሥራዬ ግን አልተወሰደም፤ እስከዚህ ሰኞ ድረስ ጎስሜአለሁ። በዚያ ቀን ወደ ቤቴ እያነከስሁ ስሄድ ሼህ በሽር ቀድመውኝ ደጄ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሚስቴ ውኃ አቅርባላቸዋለች። ሲያዩኝ ተነሡ።

«ዱላዬን አምጣ» አሉ።

ከጥጉ አነሣሁትና በሁለት እጄ ዘረጋሁ። በዚህ ጊዜ ተቀበሉኝ። አንድ ጊዜ መሬቱን መታ አደረጉበት፤ ያ የብረት ጫፍ ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ ተሰማ። ቀርከሃዋን ከግድግዳዬ አስደግፈው ቁልቁል ሄዱ።

ሼህ በሽርም አያ ታከለም አሁን የሉም። ቀርከሃዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ ከደጄ አልተነሣችም፤ እኔም አርጅቼ በእርሷ ነው የምሄደው። ትናንት ወደ ሽማግሌዎቹ ልጆች ዘንድ ሄጄ በር ላይ የተለጠፈውን ነገርኋቸው፤ እነርሱም አንብበውታል። ነገ ቅዳሜ ነው። አዲሱ አዛዥ ወደ ኩርሙክ ሲወርድ በገበያው ዳር ያልፋል። ነጋሪት የለኝም፤ ሮቃው ግን አለ። ሁላችንም ከሥሩ እንቀመጥና ውኃ ትንሽ ሲሆን መጀመሪያ ማን እንደሚጠጣ እንጠይቀዋለን።